በስሕተት የተነካ ቁልፍና የነጋዴው ገንዘብ

የንግድ ሥራ በብዕርና በመዝገብ ብቻ ይካሄድ በነበረበት ዘመን ነጋዴው የሚሳሳተው በዝግታ ነበር። አንድ ዜሮ ጨምሮ ቢጽፍ ቀለሙ ሳይደርቅ ያየዋል፤ እሱ ባያየው ጸሐፊው ያየዋል፤ ጸሐፊውም ባያየው የባንኩ ገንዘብ ከፋይ ቼኩን ሲመረምር በአኃዝ የተጻፈውና በፊደል የተጻፈው አለመስማማቱን ያገኘዋል። ዛሬ ግን ደረሰኝ የሚቆረጠው፣ ሒሳብ የሚመዘገበው፣ ገንዘብም ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፈው ቁልፍ በመንካት ስለ ሆነ፣ በስሕተቱና በጉዳቱ መካከል ያለው ጊዜ ከቅጽበት አይበልጥም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው የአባቶች ተረት እንኳ ዛሬ ሙሉ አይደለም፤ የፈሰሰው ሁሉ ተመልሶ የሚለቀም አልሆነምና።

ነገሩን በቅርብ ለመረዳት ወደ አስኮ መሄድ ይበቃል። አስኮ በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ ወደ ቡራዩ፣ ወደ ሆለታና ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኝ ሰፈር ሲሆን፣ በመናኸሪያው አካባቢ ማለዳ ተሳፋሪውና ጫኙ፣ ሸማቹና ሻጩ ይጋፋሉ። በዚያ መንገድ ዳር ሱቅ ያለው አንድ የጫማ ቸርቻሪ ከጅምላ አከፋፋዩ ለወሰደው ዕቃ 5,000 ብር በስልክ ሊልክ ነው እንበል። በአንድ እጁ ለደንበኛው መልስ እየሰጠ፣ በሌላው እጁ አውራ ጣት የስልኩን መስታወት ይነካል። አንዲት ዜሮ ተርፋ ገንዘቡ 50,000 ብር ቢሆንበት፣ ወይም ከስልኩ ቁጥር አንዷ ተለውጣ ብሩ ለማያውቀው ሰው ቢሄድበት፣ ጥፋቱ የማን ነው?

ብዙ ሰው ሳያመነታ «የባለሱቁ ነዋ! ለምን አላስተዋለም?» ብሎ ይመልሳል። ይህ ግን የእውነቱ ግማሽ ነው። ጥንቃቄ ለነጋዴ የሚገባ ቢሆንም፣ በቀን ብዙ መቶ ጊዜ ቁልፍ የሚነካ ጣት አንድ ቀን መሳቱ አይቀርም። ስለዚህ መሣሪያው ራሱ ስሕተትን አስቀድሞ የሚከላከል፣ መከላከል ባይችልም የሚምር ሆኖ መሠራት አለበት። መሣሪያ የሚያስመጣውም ሆነ የሚገዛው ነጋዴ ይህን መርምሮ የማወቅ መብትም ግዴታም አለው።

በመጀመሪያ ደረጃ ስሕተት ሁለት ዓይነት መሆኑን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው የዕውቀት ስሕተት ነው፤ ሰውየው የሚሠራውን ባለማወቁ የተሳሳተውን ትክክል መስሎት ያደርገዋል። ሁለተኛው የእጅ መሳት ነው፤ ሰውየው የሚፈልገውን በሚገባ እያወቀ እጁ ሌላ ነገር ይሠራል። የመጀመሪያው በትምህርት ይታረማል። ሁለተኛው ግን በትምህርት አይታረምም፤ እንዲያውም ሥራውን የለመደ ሰው እጁ ከዐሳቡ ቀድሞ ስለሚሮጥ ከጀማሪው ይልቅ በዚህ ዓይነት ስሕተት ሊወድቅ ይችላል። አሠሪው ጎበዙን ሻጭ በቁጣ ሊያስተካክለው ሲሞክር የማይሳካለት ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህን እውነት ጎልቶ እንዲታይ ያደረገው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ቢ-17 የተባሉትን የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች የሚነዱ አብራሪዎች በሰላም ካረፉ በኋላ የክንፉን መዝጊያ እንመልሳለን ሲሉ የማረፊያ እግሩን እያጠፉ አውሮፕላኑን በሆዱ ያስተኙት ነበር። አልፎንስ ቻፓኒስ የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ ነገሩን በመረመረ ጊዜ ሁለቱ መቆጣጠሪያዎች ጎን ለጎን የተቀመጡና መልካቸውም አንድ ዓይነት መሆኑን አገኘ። መፍትሔውም ቀላል ነበር፤ በማረፊያው እግር መቆጣጠሪያ ጫፍ ላይ እንደ ጎማ ክብ የሆነ፣ በክንፉ መቆጣጠሪያ ጫፍ ላይ ደግሞ እንደ ሽብልቅ የቀጠነ መያዣ እንዲደረግ አሳየ። ከዚያ ወዲያ አብራሪው በጨለማ እንኳ ቢሆን በመዳሰስ ብቻ አንዱን ከሌላው መለየት ቻለ። አብራሪዎቹ ሰነፎች እንዳልነበሩ፣ ስሕተቱም ከመሣሪያው አቀማመጥ የመጣ መሆኑ በዚህ ታወቀ።

በሱቅ ጠረጴዛ ላይም ከዚህ የማይለይ ነገር አለ። የሒሳብ ማሽንንና የካሽ ሬጂስተርን ቁልፎች የተመለከተ ሰው ከላይ በኩል 7፣ 8 እና 9፣ ከታች በኩል ደግሞ 1፣ 2 እና 3 ተደርድረው ያገኛል። በስልክ ላይ ግን ነገሩ ተገልብጦ 1፣ 2 እና 3 ከላይ ናቸው። የስልኩ አደራደር የተወሰነው የአሜሪካው የቤል ቤተ ሙከራ ብዙ ዓይነት አደራደሮችን በሰዎች ላይ ፈትኖ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1960 ካሳተመ በኋላ ነው። ባለ ቁልፉ ስልክም ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1963 ነበር። የሒሳብ ማሽኑ ግን በቀደመው ልማዱ ጸና። ከዚህም የተነሣ ቀኑን ሙሉ በሒሳብ ማሽን ሲደምር የዋለ ባለሱቅ ወዲያው ስልኩን አንሥቶ በልማድ ቁጥር ቢመታ፣ 1 ሊል 7፣ 3 ሊል 9 መምታቱ የሚያስገርም አይደለም። በብዙ የሒሳብ ማሽኖች ላይ ደግሞ ከዜሮው አጠገብ ሁለት ዜሮ በአንድ ጊዜ የሚጽፍ ቁልፍ አለ። ይህ ቁልፍ ሥራ ያፋጥናል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ተርፎ ቢነካ 350 ብር የነበረው 35,000 ብር ይሆናል።

እንዲህ ያለውን ስሕተት የሚከላከሉት ዘዴዎች የታወቁ ናቸው። ከሁሉ በፊት የሚመጣው የቁልፉ መጠንና ርቀት ነው። ፖል ፊትስ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳሳየው፣ አንድን ነገር በእጅ ለመንካት የሚወስደው ጊዜ የሚወሰነው በነገሩ ርቀትና በስፋቱ ነው፤ ትንሽና ሩቅ የሆነውን ቁልፍ በጥድፊያ መንካት ከመሳት አያድንም። ስለዚህ ዘወትር የሚነካው ቁልፍ ሰፊ ሆኖ ለእጅ ቅርብ፣ ጉዳት የሚያመጣው ቁልፍ ግን ከሌሎቹ ተለይቶ ራቅ ያለ መሆን ይገባዋል። «ላክ» የሚለውና «ሰርዝ» የሚለው ቁልፍ ጎን ለጎን፣ በአንድ መልክና በአንድ ቀለም ከተሠሩ፣ ያንን መሣሪያ የሠራው ሰው በገዢው ገንዘብ ላይ ዕጣ ጥሏል ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ዘዴ አደገኛውን ሥራ በአንድ ንክኪ ብቻ እንዳይፈጸም ማድረግ ነው። ጫማ በሚሠራባቸው ፋብሪካዎች ውስጥ ቆዳ በቅርጽ የሚቆርጠው የፕሬስ ማሽን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በደኅና የተሠራው ማሽን ሁለት ቁልፎች ተራርቀው ስላሉት፣ ሠራተኛው ሁለቱንም በሁለት እጁ ባንድ ጊዜ ካልተጫነ ብረቱ አይወርድም። ስለዚህ ብረቱ በሚወርድበት ጊዜ አንዱም እጅ ከሥሩ ሊገኝ አይችልም። በዚያው ማሽን ላይ ያለው ቀዩ ማቆሚያ ግን በተቃራኒው እንደ እንጉዳይ ሰፍቶ፣ በክርንም ሆነ በመዳፍ ሲመቱት ወዲያው እንዲያቆም ሆኖ ይሠራል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ የሚጎዳው ሥራ ለመጀመር አስቸጋሪ፣ ለማቆም ቀላል ይሁን።

በኪስ ውስጥ ያለ ስልክም በዚሁ ደንብ ይመራል። የቀድሞውን የኖኪያ ስልክ የያዘ ሰው ቁልፎቹን ለማስከፈት በመጀመሪያ ማውጫውን፣ ቀጥሎም ኮከቡን ይነካ እንደ ነበር ያስታውሳል። ኪስ ውስጥ ያለ ሳንቲም አንዱን ቁልፍ ሊነካ ይችላል፤ ሁለቱን በተራቸው መንካት ግን ይቸግረዋል።

ሦስተኛው ዘዴ «እርግጠኛ ነህን?» ብሎ መጠየቅ ነው። ይህ ዘዴ ከሁሉ ይልቅ የተለመደ ሲሆን፣ ከሁሉ ይልቅ የሚበላሸውም እሱ ነው። መሣሪያው ለትንሹም ለትልቁም፣ ለሚመለሰውም ለማይመለሰውም ሥራ ሁሉ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ሰውየው ጥያቄውን ማንበብ ይተውና «አዎን» ማለትን ብቻ ይለምዳል። ሁልጊዜ የሚጮኽ ውሻ ሌባ የመጣ ቀን የሚሰማው እንደማይኖር ሁሉ፣ ሁልጊዜ የሚጠይቅ መሣሪያም ባስፈለገ ቀን አይጠቅምም።

ለዚህ ትልቅ ምስክር የሚሆነው በቶኪዮ የአክስዮን ገበያ ታኅሣሥ 8 ቀን 2005 እ.ኤ.አ. የደረሰው ነገር ነው። ሚዙሆ የተባለው የአክስዮን ሻጭ ድርጅት ሠራተኛ ጄይ-ኮም የተባለውን ኩባንያ አንድ አክስዮን በ610,000 የን ሊሸጥ ሲል፣ ቁጥሮቹን አዛውሮ 610,000 አክስዮን እያንዳንዱን በ1 የን አቀረበ። ኩባንያው በጠቅላላው የነበሩት አክስዮኖች 14,500 ብቻ ነበሩ። መሣሪያው ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ታለፈ። ስሕተቱ ታውቆ ትእዛዙን ለመሰረዝ ደጋግመው ቢሞክሩም፣ የገበያው መሣሪያ ጉድለት ስለ ነበረበት መሰረዣውን አልተቀበለም። ጉዳቱ ወደ 40 ቢሊዮን የን የሚጠጋ ሆነ። ነገሩም ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2009 ገበያው ለድርጅቱ ከ10 ቢሊዮን የን በላይ እንዲከፍል ተፈረደበት። እዚህ ላይ ሁለቱም በሮች ተበላሽተው ነበር፤ አስቀድሞ የሚከላከለው ማስጠንቀቂያ አልተሰማም፣ ኋላ የሚምረው መሰረዣም አልሠራም።

ታዲያ ጥያቄው የሚጠቅመው እንዴት ሲሆን ነው? አንደኛ፣ ተመልሶ ለማይመጣ ሥራ ብቻ ሲቀርብ ነው። ሁለተኛ፣ «እርግጠኛ ነህን?» ከማለት ይልቅ ሊሠራ ያለውን ነገር ራሱን ሲያሳይ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ከግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ባቀረበው በቴሌብርና በሌሎችም የስልክ የገንዘብ አገልግሎቶች፣ ላኪው የምሥጢር ቁጥሩን ከማስገባቱ በፊት የተቀባዩ ስምና የገንዘቡ ልክ ይታየዋል። ያቺ ስም የተጻፈባት መሥመር ከመሣሪያው ሁሉ የበለጠ ዋጋ ያላት ናት። የአስኮው ቸርቻሪ ስሙን ቢያነብ ኖሮ፣ ገንዘቡ ለአከፋፋዩ ሳይሆን ለሌላ ሰው ሊሄድ መሆኑን ባወቀ ነበር። የገንዘቡ ልክም እንደ ቼኩ በፊደል «አምሳ ሺህ ብር» ተብሎ ጭምር ቢጻፍ፣ ዓይን በዜሮዎች ብዛት ከመታለል ይድናል። የቼክ አጻጻፍ ልማድ የቆየ ቢሆንም ጥበቡ አላረጀም።

የተቆጣጣሪዎችን ቁጥር ማብዛት ብቻውን መፍትሔ እንዳልሆነ ደግሞ የሲቲባንክ ታሪክ ያስረዳል። ይህ የአሜሪካ ባንክ በነሐሴ ወር 2020 እ.ኤ.አ. ሬቭሎን ለተባለው የመዋቢያ ዕቃ ኩባንያ ባለገንዘቦች 7.8 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወለድ ሊከፍል ሲል ወደ 900 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ላከ። ሥራው በሦስት ሰዎች የተመረመረ ነበር። ይሁን እንጂ የመሣሪያው ገጽ ዋናው ገንዘብ እንዳይወጣ ለማድረግ ሦስት ቦታ መሞላት እንዳለበት በግልጽ ስለማያሳይ፣ ሦስቱም ሰዎች አንድ ቦታ ብቻ መሞላቱን በቂ ነው ብለው አሳለፉት። ከተቀባዮቹ አንዳንዶቹ 500 ሚሊዮን ዶላር የሚያህለውን አንመልስም በማለታቸው ክርክሩ እስከ መስከረም ወር 2022 እ.ኤ.አ. ከቆየ በኋላ፣ የይግባኙ ፍርድ ቤት ለባንኩ ፈረደ። የማይነበብን ገጽ ሦስት ሰው ቢያየውም አንድ ሰው እንዳየው ይቆጠራል።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ስለ መከላከል ነው። ይቅር ማለት ደግሞ ሌላ ጥበብ ነው። ከሁሉ የሚሻለው መሣሪያ ጥያቄ ሳያበዛ ትእዛዙን የሚቀበልና፣ ባለቤቱ ወዲያው ቢጸጸት እንዲመልሰው ጥቂት ጊዜ የሚሰጥ ነው። የጉግል የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ «የላክሁትን መልስ» የሚል ቁልፍ አለው። ምሥጢሩም ቀላል ነው፤ ደብዳቤው ሄደ ቢባልም ጥቂት ሰኮንዶች በር ላይ ይቆያል፤ ዛሬ ባለቤቱ ይህን ጊዜ እስከ 30 ሰኮንድ ሊያራዝመው ይችላል። ለውጭ አገር ደንበኛው የተሳሳተ ዋጋ ጽፎ ለሚልክ የቡና ላኪ ይህች ግማሽ ደቂቃ አንድ ውል ልታድን ትችላለች። በኬንያም እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው ኤም-ፔሳ ገንዘብ በስሕተት እየሄደ ደንበኞች ስላስቸገሩት፣ በስዋሂሊ «ሃኪኪሻ» ማለትም «አረጋግጥ» የሚል አገልግሎት ጨመረ። በዚህ አገልግሎት የተቀባዩ ስም ለላኪው ይታያል፤ ስሙ ያልሆነ እንደ ሆነ ላኪው በጥቂት ሰኮንዶች ውስጥ ሊያስቆመው ይችላል።

ነገር ግን ይቅር የማይባልበት ሥራ መኖሩንም መዘንጋት አያሻም። በ1999 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ቁጥር 139 መሠረት ነጋዴው እንዲጠቀምበት የታዘዘው የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ለግብር ሲባል የተመዘገበውን እንዳይፍቅ ሆኖ የተሠራ ነው። ደረሰኙ አንድ ጊዜ ከታተመ እርማቱ የሚደረገው በተመላሽ ደረሰኝ እንጂ በመደምሰስ አይደለም። እንዲህ ባለ መሣሪያ ላይ የይቅርታው ጊዜ «ጠቅላላ» የሚለው ቁልፍ ከመነካቱ በፊት ያለው ብቻ ስለ ሆነ፣ ሻጩ በዚያች ቦታ ቆም ብሎ ድምሩን ለደንበኛው ጮክ ብሎ ማንበብን ቢለምድ ብዙ ጣጣ ይቀርለታል።

ገንዘቡ ከእጅ ከወጣ በኋላስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ2164ኛው አንቀጽ፣ መክፈል የማይገባውን የከፈለ ሰው እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ሆኖም መብት መኖሩና ገንዘብ መገኘቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሒሳብ ሥርዓት ላይ በአንድ ሌሊት የደረሰው ብልሽት ይህን ያስታውሳል። እርግጥ ያ ብልሽት ከማንም ጣት የመጣ አይደለም፤ ነገር ግን ደንበኞች ከተቀማጫቸው በላይ ያወጡትን ገንዘብ ለማስመለስ ባንኩ ማስታወቂያ እያወጣና እየለመነ፣ በኋላም እያስጠነቀቀ ብዙ ቀናት ወስዶበታል። አብዛኛው ቢመለስም፣ አንድ ታላቅ ባንክ ያን ያህል የደከመበትን ነገር አንድ ባለሱቅ በራሱ አቅም ሊወጣው እንዴት ይችላል? አምሳ ሺህ ብር ለአስኮው ቸርቻሪ የአንድ ወር የዕቃ መግዣ ሊሆን ይችላል። ክሱ እስኪያልቅ ሱቁ ባዶ ይሆናል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ምክር በአጭሩ የሚከተለው ነው።

1ኛ. መሣሪያ የሚያስመጣ ነጋዴ ናሙናውን ሲመረምር ሆን ብሎ ይሳሳትበት። የተሳሳተ ቁጥር ያስገባ፤ ዜሮ ያብዛ፤ ሁለት ቁልፍ ባንድ ጊዜ ይንካ፤ መሰረዣውንም ይሞክር። ሻጩ የሚያሳየው መሣሪያው በደኅና ቀን እንዴት እንደሚሠራ ነው፤ ገዢው ማወቅ ያለበት ግን በክፉ ቀን እንዴት እንደሚሆን ነው።

2ኛ. የመሣሪያው ጽሑፍ ሻጩ በሚያነበው ቋንቋ መሆኑን ያረጋግጥ። ያልተነበበ ማስጠንቀቂያ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል።

3ኛ. ለጉምሩክ የዕቃ መግለጫ በኤሌክትሮኒክ የሚያቀርብ አስመጪ ወይም ላኪ በመጀመሪያ ረቂቁን ያስቀምጥ፤ ሌላ ሰው ከደረሰኙ ጋር አስተያይቶ ካነበበው በኋላ ብቻ ያስረክብ። ማስቀመጥ ይመለሳል፤ ማስረከብ ግን በቀላሉ አይመለስም።

4ኛ. ለአዲስ ተቀባይ ብዙ ገንዘብ የሚልክ ሰው አስቀድሞ ጥቂት ብር ልኮ መድረሱን በቃል ይጠይቅ።

5ኛ. ባለሱቅ የሱቁን ገንዘብ ሁሉ በስልኩ ሒሳብ ውስጥ አያኑር። የዕለቱን መክፈያ ብቻ በስልኩ፣ የቀረውን በሌላ የባንክ ሒሳብ ቢያደርገው፣ ጣቱ ቢስት እንኳ የሚጎዳው በዚያው ልክ ይሆናል።

6ኛ. ሠራተኛው የሳተ እንደ ሆነ አሠሪው ከመቆጣቱ በፊት የትኛው ቁልፍ ከየትኛው አጠገብ እንዳለ ይመልከት። አንድ ስሕተት በሁለት ሰው እጅ ከተደጋገመ፣ መታረም ያለበት መሣሪያው ነው። ሠራተኛውም ስሕተቱን ሳይፈራ ወዲያው እንዲናገር ማድረግ ይገባል፤ በመጀመሪያው ሰዓት የተነገረ ስሕተት የመመለስ ተስፋ አለው፤ ሲፈሩ ተደብቆ ያደረ ግን ተስፋው ይመነምናል።

ነጋዴ ሚዛን ሲገዛ ልኩን፣ ሣጥን ሲገዛ መቆለፊያውን ይፈትሻል። ቁልፍ በመንካት ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰውን መሣሪያ ሲገዛም እንደዚሁ «ብሳሳት ምን ያደርገኛል?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። በአስኮ መንገድ ዳር በአንድ እጁ መልስ እየሰጠ በሌላው ስልኩን የሚነካው ባለሱቅ ነገም መቸኮሉ አይቀርም፤ ገበያው ያስቸኩለዋልና። ስለዚህ በእጁ ያለው መሣሪያ ስሙንና ልኩን በግልጽ የሚያሳየው፣ ቢስትም ጥቂት የመመለሻ ጊዜ የሚሰጠው ሊሆን ይገባል።